የሌሊት ልብስ የለበሰ ልብ

መጽሔቱ የማይነካው ነገር አልነበረም። ልብ ወለድ አለ፣ ግጥም አለ፣ የጤና ምክር አለ፣ ኳስ አለ፣ ኮከብ ቆጠራ አለ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ ፈትቶ የጨረሰው ሰው ያልተገኘለት መስቀለኛ ቃላት አለ። ከሁሉ በላይ የሚወደደው ግን «ከአንባቢያን» የተባለው አምድ ነበር፤ እዚያ ላይ ማንም መጻፍ ይችላል። ማንም ይችላል ከተባለ ደግሞ ማን ይቀራል? ታች በሩ ላይ ያለችው የፖስታ ሳጥን እስከ አፏ ትሞላና፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ አንዲት ሴት ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል።

ሴትዮዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሥራዋ መንፋት ነው፤ የሚታተመውን ወዲህ፣ የማይታተመውን ወዲያ። ስሙን ያወጣላት የስፖርት አምደኛው ነው። እሷም ብድሯን መልሳ «ፊሽካ» አለችው፤ ሰውየው ሲያወራ ይጮኻል፣ ያልወደደውን ነገር ሁሉ ደግሞ «ከጨዋታ ውጪ!» ይላል። ሦስተኛው የክፍሉ ሰው አራሚው ነው። ሰው እያወራ እንኳ መሀል ገብቶ «እዚህ ላይ ትንሽ እረፍ» ማለት ስለሚወድ «ነጠላ ሰረዝ» ሆኖ ቀርቷል። ዋና አዘጋጇ ከእነሱ በመስታወት ተከልላ ነው የምትቀመጠው፤ እሷን በፊቷ ቅጽል ስም የሚሰጣት ደፋር አልተገኘም።

ወንፊት አንድ ደንብ ነበራት። የመጀመሪያው ገጽ ካልያዛት ሁለተኛውን አትገልጥም። «ወጡን ለመቅመስ ድስቱን መጨረስ የለብኝም» ትላለች። አይፈረድባትም። ከሚመጣው ግማሹ ለፍቅረኛ ተጽፎ ተሳስቶ መጽሔት ቤት የገባ ይመስላል፤ ከቀረው ውስጥ ብዙው የገዛ አለቃውን የሚረግም ነው። ያን ሁሉ እስከ መጨረሻው ላንብብ ያለ ሰው ከዚያ ክፍል በሽበት ይወጣል። ቢሆንም ደንቧን የምትወደው ጊዜ ስለሚቆጥብላት ብቻ አልነበረም። በአንድ ገጽ ሰውን መዝና መጣል መቻሏ ደስ ይላት ነበር። ይህን ለራሷም አትነግረውም።

በሩ አጠገብ ደግሞ «የጉድ ግድግዳ» አለ። ከተላኩት ጽሑፎች ውስጥ እጅግ ያሳቀ ዓረፍተ ነገር በወፍራም እስክሪብቶ ነጭ ወረቀት ላይ ይገለበጥና እዚያ ይለጠፋል። የጸሐፊው ስም አይጻፍም። «ስም ካልጻፍን ማንን ጎዳን?» ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የተሳቀበት ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ መልስ ይጠብቃል፣ እነሱ ሻያቸውን ይዘው ይስቃሉ። ለግድግዳው የሚሆነውን የምትመርጠው ወንፊት ናት። ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ተነስታ ታነበዋለች። ማንበብ አይባልም እንጂ፤ ትጫወተዋለች። ድምፅ ታወጣለታለች፣ እጅ ታወጣለታለች፣ አንዳንዴ ጥርስ ታወልቅለታለች። እንደ እሷ የሚያስቅ አልነበረም።

አንድ ቀን «የማለዳ ጠል» በሚል የብዕር ስም የተላከ ጽሑፍ እጇ ገባ። በጽሕፈት ሱቅ የተተየበ፣ ጠርዙ ሳይታጠፍ በጥንቃቄ ፖስታ ውስጥ የተጨመረ ነበር። አድራሻ የለውም፤ ከላይ «መልሱን ራሴ መጥቼ እጠይቃለሁ» ይላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነበር፦

«የማለዳዋ ፀሐይ በወርቃማ ጣቶቿ የሕይወቴን የተዘጋ መስኮት ባንኳኳች ጊዜ፣ ልቤ የሌሊት ልብሱን እንደ ለበሰ፣ ከአልጋው ሳይወርድ፣ “ማነው?” ሲል ጠየቀ።»

ወንፊት ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች። «ሰዎች» አለች፣ «ሥራ አቁሙ።»

ተነሳች። ወገቧን ይዛ ጎበጠች፣ ድምፅዋን የሽማግሌ አደረገች፣ ፀሐይዋን በጣቶቿ አንኳኳች፤ «ማነው?» ላይ ስትደርስ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ድረስ የሚስብ ሰው ሆነች። ፊሽካ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። ነጠላ ሰረዝ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ዋና አዘጋጇ ሳትቀር ከመስታወቱ ወዲያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ። ወረቀቱ ተለጠፈ፤ ጽሑፉ ራሱ ከወንፊት ጠረጴዛ ሥር ያለው የውድቅ ካርቶን ውስጥ ገባ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። በሚቀጥለው ቀን ተላላኪዋ በሩን ስታንኳኳ ፊሽካ ጭንቅላቱን ሳያነሳ «ማነው? ገና የሌሊት ልብሴን አልቀየርኩም!» አለ። ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሦስቱም ባንድ ድምፅ፣ ጎተት አድርገው፣ «ማ...ነው?» ይላሉ፤ ደጅ ያለው ሰውም «ፀሐይ ነኝ!» ብሎ ይገባል። ተላላኪዋ ተማረች፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰው ተማረ፣ የፎቁ ሰው ሁሉ ተማረ። እንግዳ ሲመጣ ጥበቃው ከታች ስለሚደውል በማያውቁት ሰው ላይ ደርሶ አያውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ዋና አዘጋጇ ራሷ አንኳኳችና «ፀሐይ ነኝ፣ ክፈቱ፣ ጣቴ ቀለጠ» ስትል ፊሽካ ከወንበሩ ሊወድቅ ትንሽ ቀረው። ወንፊት ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው እየፈነደቀች ነው።

ቤቷ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ መስታወት ገጣሚ ነበር፤ ጉልበቱ መሰላል እምቢ እስኪለው ድረስ የከተማውን ግማሽ መስኮት ገጥሟል። የራሳቸው ቤት መስኮቶች ከየሥራው በተረፈ መስታወት የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ጭጋጋማ፣ አንዱ አበባ ያለው፣ የወጥ ቤቱ ሰማያዊ። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት የገባ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ ነው ሻይ የሚያፈላው። ልጅ ሳለች ይህ ያኮራት ነበር። አሁን ባልደረቦቿ ስለ አባቷ ሲጠይቋት «በግንባታ ሥራ ላይ ነበር» ትላለች። ውሸት አይደለም። እውነት ነው ብሎ መማል ግን ያስቸግራል። መጽሔቱ ዓመት ሲሞላው በተደረገው ግብዣ ላይም «ቤተሰብ አልተጠራም» ብላዋለች፤ ፊሽካ ሚስቱንና አማቱን ይዞ መጥቶ ነበር።

አባቷ መጽሔቱን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። እሷ እዚያ ከተቀጠረች ጀምሮ አንድም እትም አምልጦት አያውቅም። ኳስ አይወድም፤ የፊሽካን አምድ ግን ያነባል። ኮከቡን አያምንም፤ ያነበዋል። ወንፊት ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከእሷ ጋር የሚያወራው እንዲያገኝ እንደሆነ ታውቃለች። እሷ ግን ደክሟት ነው የምትገባው። «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል፤ «ደህና» ትላለች፤ በዚያው ያበቃል።

ያን ምሽት ግን ጨዋታ አምሯት ነበር። ራት በልተው ሲያበቁ አባቷ የሻይ ብርጭቆውን እያሽከረከረ፣

«ድንቡሼ» አላት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራት፤ አሁን እንኳን ልትደነብሽ ንፋስ የሚወስዳት ቀጭን ናት። «እናንተ ጋ የተላከ ጽሑፍ መልሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ምነው? ማን ላከ?»

«አንድ ወዳጄ ነው። ይጠይቀኛል።»

«ወዳጅህ እንደ የማለዳ ጠል ካልጻፈ ተስፋ አለው።»

«የማለዳ ጠል ደግሞ ማነው?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ወንፊት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፣ ተነሳች፣ ወገቧን ይዛ ጎበጠች። ድምፁን አወጣች። ፀሐይዋን የሰማያዊው መስኮት ላይ አንኳኳች። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። ቢሮ ከተጫወተችው አብልጣ ተጫወተችው፤ እጇ ገብቶበት ነበር። ከዚያም ስለ ግድግዳው፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ስለሚሉት፣ ዋና አዘጋጇም እንዴት «ጣቴ ቀለጠ» እንዳለች አንድ በአንድ ነገረችው።

አባቷ ሳቀ። ዘግይቶ ነው የሳቀው። «ወይ ጉድ» አለ። ቀጥሎ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ሁለተኛው ገጽ ላይስ ምን ይላል?» አለ።

«አባዬ ደግሞ! የመጀመሪያውን እንዲህ አድርጎ ለጻፈ ሰው ሁለተኛውን ማን ያነብለታል?»

«እውነትሽን ነው» አለ። «ያን አጻጻፍ እኮ ከናንተው የተማረው ይሆናል። እዚያ መጽሔት ላይ ፀሐይ የማታንኳኳበት ወር የለም።»

«እሱስ ልክ ነህ» ብላ ሳቀች።

ከዚያ አባቷ ተነስቶ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረ። ተራው የእሷ ነበር። ጀርባውን እንደ ሰጣት፣ «ነገ ቢሮ ነሽ?» አላት።

«አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ ማተሚያ ቤት ነኝ።»

«ጥሩ» አለ።

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

በማግስቱ ማተሚያ ቤት ስትደርስ ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ሠራተኞቹ ከብበውት በጥፊ ሊያስነሱት ይሞክራሉ። «ከሰዓት በኋላ ተመለሺ» አሏት። አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ቢሮ ሄደች። መንገድ ላይ አንድ ነገር ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ይቆረቁራት ጀመር። አባቷ ቀልድ ላይ ዘግይቶ አያውቅም። ቀልድ ሳያልቅ የሚስቅ ሰው ነው፤ ሌላው ቀርቶ ለቅሶ ቤት ሳቅ አምልጦታል ተብሎ የሚታማ ሰው ነው። ትናንት ለምን ዘገየ? ሁለተኛ ገጽ መኖሩንስ በምን አወቀ? እሷ ስለ ገጽ አላነሳችም። ሳህኑን ለምን አጠበ?

«ይሄ እንኳ አይሆንም» አለች ለራሷ፣ ድምፅ አውጥታ። አጠገቧ ያለው ተሳፋሪ ዞር ብሎ አያት።

ቢሮ ስትገባ ሰላምታም በቅጡ አልሰጠች። ጠረጴዛዋ ሥር ተንበርክካ ካርቶኑን ትበረብር ጀመር። «ወንፊት ዛሬ ገለባ ውስጥ ገባች!» አለ ፊሽካ። አልመለሰችለትም። አገኘችው። ቆማ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችና ሁለተኛውን አነበበች።

ፀሐይ የለችም፣ ወርቃማ ጣት የለም። እንዲህ ይላል፦

«ድንቡሼ እናቷ ስትሞት ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። ጸጉሯን የሚሠራላት ሰው ጠፋ። እኔ መስታወት መቁረጥ እንጂ ጸጉር መጎንጎን አላውቅም። ሱቄ ውስጥ ሦስት ገመድ ምስማር ላይ አስሬ ተለማመድኩ። ደንበኛ ሲመጣ ገመዱን በጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ አፍር ነበር። ጣቴ በመስታወት የተቆራረጠ ስለሆነ ጸጉሯ በስንጥቁ እየገባ ይያዝብኛል። ሲያማት አትጮኽም። “አባዬ፣ አለቀ?” ትለኛለች። “አለቀ” እላታለሁ። ገና ግማሹ ነበር።»

ጽሑፉ ይቀጥላል፤ እሷ ግን አልቀጠለችም። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቀችም። ስንቱን ሰው በአንድ ገጽ ስትመዝን የኖረች ሴት ይህን አንድ ገጽ መመዘን አቃታት። ራሷ ላይ የእነዚያን ጣቶች መያያዝ አስታወሰች፤ መስታወት የሚያጣብቅበትን የስቱኮ ሽታም። ትናንት በእሱ ፊት፣ በእሱ ወጥ ቤት፣ እሱ በገጠመው መስኮት ላይ በጣቶቿ ስታንኳኳ ታያት። ወረቀቱን ከግድግዳው ልታነሳ ወደ በሩ ዞረች።

በሩ ተንኳኳ።

«ዝም በሉ» ልትል አፏን ከፈተች። ቀደሟት። ፊሽካና ነጠላ ሰረዝ፣ አንዱ ከስልኩ፣ ሌላው ከወረቀቱ ዓይኑን ሳያነሳ፣ ጎተት አድርገው፣

«ማ...ነው?» አሉ።

በሩ አልተከፈተም።

«ፀሐይ ነኝ» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

ነጠላ ሰረዝና ፊሽካ ተያዩ። የፎቁ ሰው ድምፅ አልነበረም። በሩ ተከፈተ፤ አባቷ ገባ። ጥበቃው ዕድሜውን አይቶ ሳይደውል አሳልፎት ኖሯል። የክት ኮቱን ለብሷል፤ ኮቱ እጅጌው ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ የስቱኮ ነጠብጣብ አለው። አራት ፎቅ የወጣበት ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ወንፊት በኋላ ራሷን ይቅር ማለት ያቃታት ይህን ነው፦ ከፊቱ ቀድማ ነጠብጣቡን አየች።

አባቷ መጀመሪያ ያየው ግድግዳውን ነው። ከበሩ አጠገብ ስለሆነ ሊያልፈው አይችልም። የራሱን ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል አነበበ፤ ጎንና ጎኑ የተለጠፉትን የሌሎቹንም አነበበ። ከዚያ ዞር ሲል ልጁን አያት። ማተሚያ ቤት ያለች መስሎት ነበር። ፊቱ አንዴ ተለዋወጠና ወዲያው ተስተካከለ።

«እንደምን አደራችሁ» አለ ለሁሉም። ከዚያ ወደ እሷ ቀረብ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእኔ እመቤት። ከአንባቢ የመጣውን የሚያዩት እርስዎ ነዎት?»

እርስዎ አላት። በሕይወቷ አንድም ቀን ከአንቺ ሌላ ብሏት የማያውቀው አባቷ፣ እንደ ባዳ፣ እንደ ባለሥልጣን፣ እርስዎ አላት። ለምን እንዳለ ገብቷታል። በባልደረቦቿ ፊት አባቷ መሆኑን ደብቆ ሊያተርፋት ነው። ማድረግ የነበረባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባዬ» ማለት። ሦስት ፊደል ብቻ። አፏ ውስጥ ነበረች፤ እፎይ የሚል ነገር ግን ቀድሞ ውስጧን ዳሰሰው። ማንም አያውቅም ማለት ነው። ትተርፋለች ማለት ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ምን ልርዳዎት?»

ይህችን ቃል ስትናገር ራሷን ሰማች። ትናንት የሠራችው ባለማወቅ ነው ሊባል ይችላል። ይሄኛው በማወቅ ነው።

«የማለዳ ጠል የሚል ጽሑፍ ልኬ ነበር» አለ አባቷ። «ልመልሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ካላስቸገርኩ።»

ነጠላ ሰረዝ ከወንበሩ ተነሳና ወንበሩን ወደ ሽማግሌው ገፋ፤ «ይቀመጡ፣ አባቴ» አለ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ፊሽካ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዋና አዘጋጇ ከመስታወቷ ወጣች። ግድግዳውን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ነገሩ ገባት።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን» አለች። «ይሄ ... የቢሮ ቀልድ ነው። መሆን ያልነበረበት ቀልድ ነው።»

«ኧረ አይጨነቁ። ያስቃል እኮ» አለ አባቷ። «ሲነበብ ሰምቼው እኔም ስቄአለሁ። ያነበበችው ልጅ ደግሞ ተሰጥኦ አላት።»

ይህን ሲል ወደ ወንፊት አላየም። ሌላው ሰው ያልገባው ነገር ለእሷ ብቻ ገባት፤ የገባበት ቦታም ደረቷ ነው።

«ግዴለም፣ ጽሑፉ እዚሁ ይቆይ» አለች ዋና አዘጋጇ። «እኔ ራሴ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይቅር። ቤት አንድ አንባቢ አለችኝ። እሷ ብታየው ይሻላል።»

ወንፊት ወረቀቶቹን ሰጠችው። ሁለተኛው ገጽ ጣቷ ላቡን ጥሎበት ነበር። ሲቀበላት እጁ እጇን ነካ፤ ያ ስንጥቅ አሁንም አለ። «አመሰግናለሁ፣ የእኔ እመቤት» አለና ኮቱ ውስጥ ከተተው። አጎንብሶ ሁሉንም ተሰናበተ። በሩን ሲዘጋ እንደ ሁልጊዜው፣ መስታወት ያለበት በር እንደሚዘጋ ሰው፣ በቀስታ ዘጋው።

እርምጃው ደረጃው ላይ ይሰማል። አንድ እግር ይወርዳል፣ ሌላው ይከተላል፣ ያርፋል።

ዋና አዘጋጇ ምንም ሳትል ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቀለችው። ቀጥሎ ሌሎቹንም። ነጠላ ሰረዝ «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» አለ። ወንፊት ጠረጴዛዋን ይዛ እንደ ቆመች ቀርታለች። አሁን ተቀመጪ ብሎ የሚነግራት ሰው ቢኖር ትቀመጥ ነበር፤ ሥራ ብትጀምርም ማንም አይጠይቃትም። ማታ ቤቷ ትገባለች፤ «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል፤ «ደህና» ትላለች። አባቷ ነገሩን እስኪሞት ድረስ አያነሳውም። ይህንም ታውቃለች። ይህን ማወቋ ነው እግሯን የያዘው።

«ቤት አንባቢ አለችኝ አሉ እኮ» አለ ፊሽካ በመጨረሻ። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ እሱም ከልቡ አዝኗል። «ታዲያ የት ነበረች? ጽሑፉ እዚህ ከመምጣቱ በፊት አንዴ ብታየው ምን ነበረበት? እንዴት ያለች ሰው ናት?»

ዋና አዘጋጇ የነቀለቻቸውን ወረቀቶች አጣጠፈች።

«ሁለተኛውን ገጽ አላነበበችውም» አለች ወንፊት።

«ማን?»

«ልጃቸው።»

ሦስቱም ዞረው አዩዋት። ፊቷን አልሸፈነችም፤ ልትሸፍን እጇን አንስታ መልሳ ጣለችው። በሩን ከፍታ ወጣች፤ አልዘጋችውም። የደረጃውን ብረት ይዛ ወደ ታች ተመለከተች። አባቷ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ጉልበቱን ያሽ ነበር፤ ኮቱ ደረት ላይ የወረቀቱ ጠርዝ ይታያል።

«አባዬ!» አለች።

ድምፁ በደረጃው ቤት ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄደ። የፎቁ በሮች አንድ ሁለቱ ተከፈቱ። አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ ደንግጦ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በይ» አላት በሹክሹክታ። «ይሰሙሻል።»

ወንፊት ከበስተኋላዋ ፊሽካና ነጠላ ሰረዝ በሩ ላይ መቆማቸውን አውቃለች። ጉንጯ እየነደደ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየደረሰ፣ ከቅድሙ አብልጣ ጮኸች።

«አባዬ! ቆየኝ፣ መጣሁ!»